ሹክሹክታ የማያመልጠው ጉልላት

(ድምፅ፦ አንድ ጭብጨባ፤ የገደል ማሚቶው ቀስ እያለ ይጥፋ።)



ልጅ ሳለሁ አያቴ ጠላ የምትጠምቅበት ትልቅ ጋን ነበራት። ጋኑ ታጥቦ ጓሮ ፀሐይ ላይ ሲጋደም፣ እኛ ልጆች ተሽቀዳድመን አንገታችንን ወደ አፉ እናስገባና ስማችንን እንጠራበት ነበር። ቀጭኗ ድምፄ ወፍራ፣ የትልቅ ሰው ድምፅ መስላ ትመለስልኛለች። አንድ ቀን አያቴን «ጋኑ ውስጥ ማን ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ራስህ ነህ» አለችኝ። መልሷ አላጠገበኝም፤ ደግሜ ደጋግሜ ጮህኩበት።

ዛሬ ስለ አንድ የንጉሥ መቃብር አወራችኋለሁ። ሰው ስለ ሕንጻ ውበት ሲናገር ፎቶግራፍ ያሳያል፤ ሬዲዮ ደግሞ ፎቶግራፍ የለውም። ይህን መቃብር የመረጥኩት ግን ግማሽ ውበቱ በጆሮ የሚገኝ ስለሆነ ነው። የአያቴን ጋን አሳድጉት፣ አሳድጉት፣ ከ50 ሜትር በላይ ቁመት ስጡት፤ ከዚያ ውስጡ ገብታችሁ ቁሙ።

ስሙ ጎል ጉምባዝ ይባላል፤ ክብ ጉልላት ማለት ነው። የሚገኘው በደቡብ ህንድ በካርናታካ ክፍለ ግዛት፣ ድሮ ቢጃፑር ዛሬ ቪጃያፑራ በሚባለው ከተማ ነው። ያረፈበት ሰው ከ1627 እስከ 1656 የነገሠው ሱልጣን መሐመድ አዲል ሻህ ነው። በዚህ ዝግጅት የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

አገሩ ደካን ይባላል፤ ሰፊ ደጋማ ሜዳ ነው። ድንጋዩ ጠቆር ያለ ባዛልት ነው፤ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። የኛም ደጋ አገር የቆመው እንዲሁ በፈሰሰ ባዛልት ላይ ስለሆነ፣ የሸዋን ወይም የጎንደርን ጥቁር ድንጋይ የሚያውቅ አድማጭ የዚህን መቃብር ግድግዳ ቀለም በዓይነ ሕሊናው ለማየት አይቸገርም።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከአባትየው መቃብር ነው። የመሐመድ አባት ዳግማዊ ኢብራሂም አዲል ሻህ ከ1580 እስከ 1627 ነገሠ፤ ሙዚቃና ሥዕል የሚወድ ሰው ነበር። ያረፈው በዚያው ከተማ ኢብራሂም ረውዛ በሚባል ሕንጻ ነው። ይህ ሕንጻ የጥበብ እጅ ሥራ ነው። ከድንጋይ መፈልፈሉን ብትረሱት ጥልፍ ይመስላችኋል። የመስኮቶቹ ዓይነ ርግብ በዐረብኛ ፊደል የተበሳ ድንጋይ ነው፤ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚገባው በፊደሎቹ መካከል እየሾለከ ነው። እዚያ ሕንጻ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ሥራውን ለፍቶ የፈጸመውን ሰው ስም ይጠራል፦ ማሊክ ሰንደል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ዘመን በደካን ቤተ መንግሥታት ሐበሾች ነበሩ። ልጅ ሆነው ከቀያቸው ተነጥቀው፣ ባሕር ተሻግረው የተሸጡ ሰዎች ናቸው። ሲሸጡም ስማቸው ይቀየራል፤ ብዙውን ጊዜ የሽቶ ወይም የዕንቁ ስም ይሰጣቸዋል። ዐምበር፣ ያቁት፣ ረይሃን፣ ሰንደል። ሰንደልን እኛም እናውቀዋለን፤ ቤት የምናጥንበት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ማሊክ ሰንደል ከእነዚህ ሐበሾች አንዱ ነው ይላሉ። እናቱ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር ድንጋዩ አይነግረንም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይከብደዋል፤ ያን የመሰለ ሥራ ትቶ ያለፈ ሰው ተሸጦ በተሰጠው ስም ብቻ ይታወሳል።

ወደ ልጁ እንመለስ። መሐመድ አዲል ሻህ ሲነግሥ የአባቱ መቃብር ከፊቱ ነበር። በቅርጽ ጥራት ከዚያ በላይ መሄድ የማይታሰብ ነገር ነው። ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ታዲያ ሱልጣኑ ሌላ መንገድ መረጠ፤ አባቱን በመጠን ሊበልጥ። የራሱን መቃብር ሥራ በንግሥናው መጀመሪያ አስጀመረ፤ ሥራው እስከ ዕለተ ሞቱ ቀጠለ።

ሕንጻውን ከውጭ ስታዩት አሠራሩ ቀላል ነው። አራት ማዕዘን ሣጥን አስቡ፤ በሣጥኑ ላይ ግማሽ ኳስ። በአራቱ ማዕዘን አራት ባለ ስምንት ጎን ማማዎች ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ሰባት ደርብ አላቸው፤ በየደርቡ ቅስት መስኮቶች፣ በየጫፋቸው ትንንሽ ጉልላቶች። ትልቁ ጉልላት ከጣሪያው ላይ የሚነሣው ዙሪያውን ከተደረደሩ የሎተስ አበባ ቅጠሎች መካከል ነው፤ እምቡጥ ከቅጠሉ ውስጥ እንደሚወጣ። ከዚህ በቀር ጌጡ ጥቂት ነው። ከባድ ነው፣ ኮስታራ ነው የሚሉ ተመልካቾች አሉ። እውነት ነው፣ ኮስታራ ነው። እኔ ግን የምወደው በዚሁ ነው፤ ዓይን በጌጥ ሳይያዝ በቀጥታ ወደ ቅርጹ ይሄዳል።

በዚያው ዘመን በሰሜን ህንድ የሞጉሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን ታጅ ማሃልን ያሠራ ነበር። ታጅ ማሃልን የማያውቅ የለም። አንድ ልዩነታቸውን ብቻ ልንገራችሁ። የታጅ ማሃል ጉልላት ሁለት ነው፤ ከውጭ የምታዩት ትልቁ ጉልላት ከውስጥ አይታይም፣ ውስጥ ሌላ ዝቅ ያለ ጉልላት አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ነው። ጎል ጉምባዝ ግን አንድ ጉልላት ነው። ከሩቅ ያያችሁት ያው ራሱ ጎድጓዳውን አዙሮ ከራሳችሁ በላይ ይጠብቃችኋል።

አሁን እንግባ።

(ድምፅ፦ የእግር ኮቴ በድንጋይ ወለል ላይ፤ እየሰፋ የሚሄድ ማስተጋባት።)

የገባንበት አዳራሽ እያንዳንዱ ጎኑ 41 ሜትር ነው። ስፋቱ 1,700 ካሬ ሜትር ገደማ፤ የአራት ቅርጫት ኳስ ሜዳዎች ስፋት ማለት ነው። ሮም ያለው የጥንቱ ፓንቴዮን ጉልላት በዲያሜትር ከዚህኛው ይበልጣል፤ የወለል ስፋት ከሆነ ግን የቢጃፑሩ ይሰፋል። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ አንድም ምሰሶ የለም። ጎጆ ቤት ያደገ ሰው ምሰሶ የሌለው ቤት ምን እንደሚያስፈራ ያውቃል። እዚህ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ያን ሁሉ ጡብና ኖራ ስታዩ፣ «ይህን የያዘው ማን ነው?» ማለታችሁ አይቀርም።

መልሱን በወሬ ብቻ ላስረዳችሁ አልችልም፤ እርሳስና ወረቀት አቅርቡ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ለእነሱ ስጧቸው።

በመጀመሪያ ግን የመሶብ ክዳን አስቡ። ክዳኑን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ጫፉን በመዳፋችሁ ወደ ታች ብትጫኑት ምን ይሆናል? ጠርዙ ወደ ውጭ ሊከፈት ይታገላል። ጉልላትም እንዲሁ ነው። የራሱ ክብደት ወደ ታች ሲጫነው እግሩ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የቆመበትን ግድግዳ ሊያፈርስ ይሻል። ጉልላት የሠራ ሁሉ የታገለው ከዚህ ግፊት ጋር ነው። ሁለተኛ ችግርም አለ፦ ግድግዳው አራት ማዕዘን፣ ጉልላቱ ክብ። ክብ ነገር አራት ማዕዘን ላይ ስታስቀምጡ አራቱ ማዕዘኖች ክፍት ይቀራሉ።

አሁን ወረቀታችሁ ላይ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ሥሩ። በላዩ ላይ ልክ ያንኑ የሚያህል ሌላ አራት ማዕዘን ሥሩ፤ ሁለተኛውን ግን ግማሽ ጥግ አዙሩት፣ ማዕዘኖቹ በመጀመሪያው ጎኖች አጋማሽ በኩል ብቅ እንዲሉ። ምን ወጣላችሁ? ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ። ከኮከቡ ውስጥ ደግሞ ስምንት ጎን ያለው ቅርጽ፤ እሱም ወደ ክብ የቀረበ ነው።

የቢጃፑር ግንበኞች ይህን ሥዕል ከወረቀት አንሥተው በአየር ላይ ሠሩት። እናንተ በእርሳስ ያሰመራችኋቸው ስምንት መስመሮች እዚያ ስምንት ታላላቅ ቅስቶች ናቸው። ቅስቶቹ ከወለሉ ተነሥተው፣ ወደ ውስጥ እየዘመሙ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰናስለው ያልፋሉ። በመካከላቸው ያለው ቦታ በግንብ ተሞልቷል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አዳራሹን እያጠበቡት ሄደው፣ በመጨረሻ 41 ሜትር የነበረው ክፍት ቦታ ወደ 30 ሜትር ገደማ ክብ ይወርዳል። የሰው ጣቶች ተጠላልፈው ጎድጓዳ እንደሚሠሩት ዓይነት ነው።

ብልሃቱ ይህ ብቻ አይደለም። ጉልላቱ ከውስጥ ሲለካ ዲያሜትሩ 38 ሜትር ነው። ክፍቱ ግን 30 ገደማ። ስለዚህ ጉልላቱ የቆመው በክፍቱ ከንፈር ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነው፤ ከፊቱ ወደ አዳራሹ የተንጠለጠለ ብዙ ግንብ ቀርቷል። ይህ የተንጠለጠለ ግንብ ክብደቱ ወደ ውስጥ ይስባል። ጉልላቱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ቅስቶቹ ወደ ውስጥ ይስባሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን የህንድን ሥነ ሕንጻ ያጠናው ጄምስ ፈርጉሰን ይህን ሚዛን አይቶ እጅግ ተደንቋል፤ እኔም ወረቀት ላይ ደጋግሜ ሠርቼው ገና አልጠገብኩትም። ከውጭ ደጋፊ ግንብ አላስፈለገም፤ ምሰሶም አላስፈለገም። ወደ 3 ሜትር የሚወፍረው ግድግዳና ይህ የመሳሳብ ሚዛን ብቻ።

ጉልላቱ ራሱ የጡብና የኖራ ነው። ጡቦቹ በወፍራም የኖራ ንጣፍ ላይ እየተደረደሩ፣ ክብ በክብ እየጠበቡ ወጥተዋል። ከግርጌው ላይ ውፍረቱ 3 ሜትር ያህል ነው። ሄንሪ ከዘንስ የተባለው፣ ስለ ቢጃፑር ሕንጻዎች በ1916 ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ተመራማሪ፣ አብዛኛው ጉልላት ከሥር የእንጨት ድጋፍ ሳይቆምለት የተሠራ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እያንዳንዱ ክብ ሲዘጋ ራሱን ይይዛልና። ሸክላ የምትሠራ ሴት የእንስራን ትከሻ እያጠበበች ወደ አንገቱ ስትወጣ አይታችሁ ከሆነ፣ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ገብቷችኋል።

ደረጃው በማዕዘኖቹ ማማዎች ውስጥ ነው። ጠባብና ረጅም ነው፤ ሰባቱን ደርብ ትወጣላችሁ። ከላይ ወደ ጣሪያው ወጥታችሁ በጉልላቱ ሥር ባለ በር ስትገቡ ራሳችሁን ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጉልላቱ ውስጥ፣ ክብ ሰገነት ላይ ታገኛላችሁ። ጉልላቱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ሲል ከፊቱ ተረፈ ያልኳችሁ ግንብ ይኸው ነው። ስፋቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ግንበኛው ለሚዛን ብሎ የተወው ቦታ ለጆሮ ድግስ ሆነ።

ሁለት ሰዎች በሰገነቱ ላይ ትይዩ ይቁሙ። በመካከላቸው 38 ሜትር ገደል አለ። አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ለጎረቤት ምሥጢር እንደሚነግር ሰው፣ በሹክሹክታ ይናገር። ሌላው ጆሮውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋ። እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። አዳራሹ ወለል ላይ የቆመ ሰው ግን ምንም አልሰማም።

ነገሩ ተአምር አይደለም፤ ደግሞም ምክንያቱን ማወቅ ውበቱን አይቀንስበትም። ድምፅ ከአፋችን ሲወጣ እንደ ጭስ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ሹክሹክታ ከጥቂት እርምጃ በላይ የማይሄደው ለዚህ ነው። ጎድጓዳ ክብ ግድግዳ አጠገብ ሲሆን ግን መበተኛ ያጣል። በክብ ትሪ ጠርዝ ውስጥ ብይ አሽከርክራችሁ ታውቃላችሁ? ብዩ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ጠርዙ ግን በየደረሰበት ይመልሰዋል፣ እሱም ጠርዙን ታክኮ ይዞራል። ሹክሹክታውም ግድግዳውን ታክኮ 60 ሜትር ያህል ዞሮ ከሰከንድ ሩብ ባነሰ ጊዜ ጓደኛችሁ ጆሮ ይደርሳል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬሊ ይህን ያብራራው የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሰገነት አጥንቶ ነው፤ በጎል ጉምባዝም የሚሠራው ሕግ ያው ነው።

ጭብጨባው ደግሞ ሌላ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሳሎናችሁ ውስጥ ብታጨበጭቡ ድምፁ ግድግዳ ነክቶ የሚመለሰው እጅግ ፈጥኖ ስለሆነ ጆሯችሁ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርጎ ይሰማዋል። በዚህ ጉልላት ሥር ግን ድምፁ 38 ሜትር ሄዶ 38 ሜትር ሲመለስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጃል። ጆሮ ለይቶ ለመስማት ይህ ይበቃዋል። የተለሰነው ጎድጓዳ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ድምፅ የሚውጥ ምንጣፍ የለ፣ መጋረጃ የለ። ስለዚህ አንድ ጭብጨባ እየተላጋ ሰባት ጊዜ፣ አንዳንዶች እስከ 10 ጊዜ ይላሉ፣ ደግሞ ደጋግሞ ይመጣል፤ በየጊዜው ትንሽ እየደከመ።

(ድምፅ፦ አንድ ጭብጨባ፤ ሰባት ጊዜ እየደከመ ይመለስ።)

ከሰገነቱ ቁልቁል ስታዩ በአዳራሹ መካከል ከፍ ያለ መድረክ አለ፤ በላዩ የሱልጣኑና የቤተ ሰቡ የመቃብር ድንጋዮች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ራምባ የተባለች፣ ሱልጣኑ የሚወዳት ጨፋሪ ትገኛለች። እነዚህ ድንጋዮች ግን ምልክት ብቻ ናቸው። እውነተኛዎቹ መቃብሮች ከወለሉ በታች ባለው ምድር ቤት ውስጥ፣ ከየድንጋያቸው ትይዩ ናቸው። ይህ በብዙ የሙስሊም ነገሥታት መቃብር የተለመደ ነው፤ ታጅ ማሃልም እንዲሁ ነው። በደቡቡ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ሦስት አጫጭር ሐረጎች ናቸው። የዐረብኛ ፊደል እያንዳንዱ የቁጥር ዋጋ ስላለው፣ የየሐረጉን ፊደላት ስትደምሩ ሦስቱም 1067 ይሰጧችኋል። በሂጅራ አቆጣጠር የሱልጣኑ መሞቻ ዓመት ነው፤ 1656 ማለት ነው። ሦስት ጊዜ በተለያየ ቃል አንድን ቁጥር መጻፍ የቻለውን ሰው ቁጭ ብሎ ሲደምር፣ ሲያጠፋ፣ ሲደምር አስቡት።

በዚህ ሱልጣን ዘመን የቢጃፑር ዋና ባለ ሥልጣንና የጦር አለቃ የነበረውም ሐበሻ ነው፤ ኢኽላስ ኻን። የቀድሞ ስሙ ማሊክ ረይሃን ነበር፤ ያው እንዳልኳችሁ፣ የመዓዛማ ቅጠል ስም። በ1645 ገደማ ሁለት ሠዓሊዎች፣ ሐይደር ዓሊና ኢብራሂም ኻን፣ ሱልጣኑንና ኢኽላስ ኻንን በአንድ ዝሆን ላይ ተቀምጠው ሥለዋቸዋል። ያን ሥዕል ፈልጋችሁ እዩት። በባርነት ከመጡት ሐበሾች መካከል የነበረ ሰው ከንጉሥ ጋር አንድ ዝሆን ላይ ተቀምጧል፤ ጉልላቱም ጡብ በጡብ እየተነሣ የነበረው በነዚያው ዓመታት ነው።

ሱልጣኑ ሲሞት ሥራው ፈጽሞ አላለቀም ነበር፤ የልስንና የጌጥ ሥራው ሳይጠናቀቅ ቀረ። ልጁ ዳግማዊ ዓሊ ከ1656 እስከ 1672 ነገሠና እሱም የራሱን ታላቅ መቃብር ጀመረ። አላለቀም። ዛሬ ባራ ከማን ይባላል፤ ጥቁር ቅስቶች ጣሪያ ሳይኖራቸው በሰማይ ሥር ተደርድረው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሣር ይበቅላል። በ1686 የሞጉሉ ንጉሥ አውራንግዜብ ከተማዋን ያዘና የአዲል ሻሂ መንግሥት አበቃ።

ከጎል ጉምባዝ ፊት ለፊት ድሮ ነጋሪት የሚመታበት የበር ቤት አለ፤ አሁን ሙዚየም ነው። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ሙዚየሙን ለከሰዓት አቆዩት። ቀን ቀን ተማሪዎች በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ሁሉም ይጮኻል፣ ጉልላቱም የሁሉንም ይመልሳል፤ ደስ የሚል ሁካታ ነው፣ ግን ሹክሹክታ አይሰማበትም። ማልዳችሁ ውጡ። ከሰገነቱ ላይ ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩና መጀመሪያ ዝም በሉ። የእርግብ ክንፍ ይሰማችኋል፤ ከታች የአንድ ሰው ኮቴ፤ ከዚያ የራሳችሁ ትንፋሽ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አጨብጭቡ።

(ድምፅ፦ አንድ ጭብጨባ። የመጨረሻው ማሚቶ እስኪጠፋ ይጠበቅ።)